የኮክ እርሻው የጠዋት ድምፅ

ኤቨርት ኮክ ሳይቀምስ ስልክ አይነካም ነበር። በበጋው መጨረሻ ኮኩ መድረስ ሲጀምር ጎህ ሲቀድ ይነሳና፣ ጤዛው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እያራሰው በዛፎቹ መሃል ይሄዳል። ከየረድፉ አንድ አንድ ፍሬ ይቀነጥሳል። ይገምጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል፣ የቀረውን ለውሻው ይወረውርለታል። ውሻው ኮክ ወዳድ ነው፤ ዘሩን እንኳ እንደ ሰው ለይቶ ይተፋል። ቅምሻው ሲያልቅ ኤቨርት ወደ ሚዛን ቤቱ ይገባና ጭማቂ በጠገበ አውራ ጣቱ የስልኩን መልእክት መቅጃ ቀይ ቁልፍ ይጫናል። ቁልፉ ከስንት ዓመት ጭማቂ የተነሳ ስለሚጣበቅ በጥፍር ካላነሱት አይመለስም።

«እንደምን አደራችሁ፣ ኤቨርት ነኝ» ይላል። «ሌሊት ዘንቦ ነበር፣ አሁን አባርቷል። ጭቃ ስላለ ለቤተ ክርስቲያን የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡ። ዛሬ የደረሰው ከጎተራው ጀርባ ያለው ነው። ሌላው ገና ነው፤ እንዳትነኩት፣ አያችኋለሁ። ኮክ በአውራ ጣት አይጫንም። እናንተን አንድ የማታውቁት ሰው መጥቶ እንዲያ ቢጫናችሁ ደስ ይላችኋል? ላምበርት፣ ባርኔጣህን ረስተህ ሄደሃል። ዛሬ መጥተህ ካልወሰድክ ለወፍ ማስፈራሪያው አደርግለታለሁ፤ ከአንተ ይልቅ እሱ ላይ ያምራል። በሉ ኑ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። የዚያን ቀን ወደ እርሻው የደወለ ሁሉ ይህንን ይሰማል። ሐይቁን ተከትሎ ባለው በዚያ የሚሺጋን አገር ኮክ የማይፈልግ ሰው ሁሉ ሳይቀር ይደውል ነበር። ጡረታ ወጥታ ወደ ሞቃት አገር የሄደች አንዲት የድሮ ደንበኛ አንድ ፍሬ ሊደርሳት በማይችልበት ርቀት ላይ ሆና በየጠዋቱ ትደውላለች ይባላል። በመልእክቱ ስሙ የተነሳ ሰው ያን ቀን በከተማው መንገድ ሲሾፍበት ይውላል፤ ያልተነሳው ደግሞ ትንሽ ቅር ይለዋል።

የስልኩ መቅጃ ማሽን የሚቀበለው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ጢጥ ብሎ ይቆርጣል። ልጁ ሊያን «አባዬ፣ ይሄ ዕቃ ሙዚየም ይግባ» ብላ ብዙ ጊዜ ለምናዋለች። ኤቨርት ግን የሚኮራው በዚያችው ደቂቃ ነበር። አየሩን፣ ረድፉን፣ ቁጣውንና ቀልዱን ጠቅጥቆ ማሽኑ ከመቁረጡ በፊት «በሉ ኑ» ብሎ መጨረስ ይችልበታል።

ከልጅነቱ ጀምሮ ወሬኛ ነበር ማለት ግን አይደለም። አባቱ ለፋብሪካ ኪያር የሚያመርት፣ ዝምታን የሚወድ ሰው ነበር። በቤታቸው ማዕድ ላይ ከጸሎቱ በቀር የሚሰማው የሹካ ድምፅ ብቻ ነው። ኤቨርት መሬቱን ሲረከብ ኪያሩን ትቶ ኮክ ተከለ። ዛፎቹ አድገው ፍሬ በፍሬ በሆኑበት ዓመት ኮኩን ሊገዛው ቃል የገባው ማሸጊያ ፋብሪካ ተዘጋ። ፍሬው ቅርንጫፍ እስኪሰብር ቀልቶ፣ ገዢ የለም። ለቃሚ መቅጠሪያም የለውም። ጨነቀውና አንድ ሳንቃ ላይ «ራሳችሁ ለቅማችሁ ውሰዱ» ብሎ በቀለም ጽፎ መንገድ ዳር ተከለው።

ሰዎቹ መጡ። ችግሩ፣ ኮኩ ሳይደርስ መጡ፤ ሲደርስ ደግሞ ጠፉ። እንግዲህ ስልኩ የተገዛው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ኤቨርት ቁልፉን ተጭኖ «እንደምን አደራችሁ» አለና ዝም ብሎ ቆመ። መልስ እየጠበቀ ነበር። መልስ ሲጠብቅ ደቂቃው አለቀ። ሚስቱ በርዲና ከበሩ ጀርባ ሆና አፏን በሽርጧ አፍና ስታዳምጥ ኖሮ፣ ሳቋ አምልጧት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

በርዲና ያንን ድምፅ ከማንም በፊት ነው የምታውቀው። በወጣትነቷ በከተማው የዘርና የማዳበሪያ መደብር ስልክ ታነሳ ነበር። «ሳላየው ነው የወደድኩት» ትላለች እስከ ዛሬ ድረስ፣ እሱ ባለበት። «ማዳበሪያ ሲያዝዝ ልቤ ይመታ ነበር። በኋላ መልኩን ሳየው ትንሽ ደነገጥኩ፤ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ባለፈው የካቲት በረዶው ሳይቀልጥ ኤቨርት ቅርንጫፍ ሊመለምል ወጣ። ለምሳ ሳይመለስ ቢቀር በርዲና ፍለጋ ወጥታ ከዛፍ ሥር ወድቆ አገኘችው። መጋዙ በእጁ ነው፤ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ያያታል፤ አይናገርም። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። እግሩ በጊዜው ተመለሰ፤ ትንሽ ቢጎትትም ይሄዳል። አንደበቱ ግን አብሮት አልተመለሰም።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ውስጡ ምንም አለመጉደሉ ነው። ቃሉ አለ፣ ቀልዱ አለ፣ ስድቡም ሳይቀር አለ። ወደ አፉ ሲመጣ ነው መንገድ የሚጠፋው። የንግግር ሐኪሟ ደግና ልጅ እግር ሴት ናት፤ የኮክ ሥዕል አሳይታው «ይሄ ምንድን ነው?» አለችው። ኤቨርት ሥዕሉን አየ። ያለ ጊዜው የተቀነጠሰ ኮክ ነው፤ ግንዱ አጠገብ ገና አረንጓዴ ነው፤ ይህን የሳለው ሰው ኮክ በልቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ በሐሳቡ መጣ። የፍሬው ስም ግን አልመጣም። ከንፈሩን አሾለ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ላብ አጠመቀው፣ አልመጣም። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ አለቀሰ። በርዲናም መንገድ ዳር አቁማ አብራው አለቀሰችና አፍንጫዋን ተናፍጣ መንዳቷን ቀጠለች።

እስከ ነሐሴ ድረስ ብዙ ተሻለው። ቃላት አንድ በአንድ፣ እየተንጠባጠቡም ቢሆን ይወጣሉ። ጠብቆ ለሚሰማው ሰው ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። ጠብቆ የሚሰማ ግን የት ይገኛል? ደንበኞቹ መጥተው ሚዛን ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያዩት፣ ጆሮው የደነቆረ ይመስል «ኤቨርት! እንዴት ነህ!» ብለው ይጮኹበታል። አፉን ሲከፍት «ጎበዝ! ጎበዝ!» ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ይሄዳሉ። ላምበርት ደግሞ የልጅነት ጓደኛው ሆኖ ሳለ ጨርሶ መምጣት ተወ። እሱን እንደዚያ ማየት አልቻለም።

ሊያን አባቷን ትወደዋለች፤ ይህ ጥያቄ የለውም። እርሻው አሁን በእሷ ትከሻ ላይ ነው። ትራክተሩን የምትነዳው እሷ፣ የምትመዝነው እሷ፣ ተርብ የነደፈው ሲኖር በረዶ የምታስይዘው እሷ ናት። ጊዜ የላትም። ስለዚህ አባቷ ቃል ሲጀምር እሷ ትጨርስለታለች። «ው...» ሲል ውሃ ትሰጠዋለች፣ እሱ ግን ስለ ውሻው ሊያወራ ነበር። ከመጣላት ብሎ ውሃውን ይጠጣል። ያን ሰሞን ኤቨርት ብዙ ውሃ ጠጣ።

የስልኩንም መልእክት ሊያን ተናገረችው። ጥርት ያለ ነው፤ ረድፉን፣ ሰዓቱን፣ እሁድ ዝግ መሆኑን ይናገራል። ስህተት የለበትም፤ ቀልድም የለበትም። የሚደውለው ሰው በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ።

ከመጨረሻው የኮክ ለቀማ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ምሳ ላይ ሊያን ነገሩን አነሳችው።

«ስልኩን ዘንድሮ እናቋርጠዋለን» አለች። «ማን ይደውላል? ሰው ሁሉ የሚያየው የኢንተርኔት ገጻችንን ነው። እዚያ ፎቶም አለው።»

«እኔ...» አለ ኤቨርት።

«አንተ ምን?»

«እኔ... ል...»

«ልተኛ? ሂድ ጋደም በል አባዬ፣ ሳህኑን እኔ አነሳዋለሁ።»

«ልናገር ነው የሚልሽ!» አለች በርዲና ማንኪያዋን ቁጭ አድርጋ። «መልእክቱን እኔ ልናገር ነው የሚልሽ። አፉ ላይ እስኪደርስ ብትጠብቂው ምን ነበረበት? ከእርሻው ሁሉ ለእሱ የቀረችለት ያች አንድ ደቂቃ ናት። እሷንም ልትወስጂበት ነው?»

ሊያን ቀላች። «እማዬ፣ ሰው ይስቅበታል። ደውሎ ይስቅበታል፣ ለሌላውም ያሰማል። በአባቴ ሲስቁ መስማት አልችልም፣ በቃ አልችልም» አለች። ሳህኖቹን ሰብስባ ማጠቢያው ውስጥ አስቀምጣ ወጣች።

ኤቨርት መልስ ነበረው። ጥሩ መልስ ነበር፣ ከጥንቱም አያንስም። «ድሮስ...» አለ። «ድሮስ... ይ... ስቅብኝ... አልነበር?» ቃሉ ሲያልቅ ሊያን ትራክተሩ ላይ ወጥታ ነበር። የሳቀችው በርዲና ብቻ ናት።

አርብ ማታ ዘነበ። ሊያን ሁልጊዜ ከለቀማው ቀን በፊት ረድፎቹን አይታ የምትመለስ ሰው ናት፤ ያን ማታ ግን ዝናቡ ስላልተወ «ጠዋት አየዋለሁ» ብላ ተኛች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በርዲና የኤቨርትን ጫማ አልጋው አጠገብ አድርጋ ቀሰቀሰችው።

«ተነስ» አለችው። «አንተው ትናገራለህ። ሊያን ብትቆጣም እኔን ትቆጣ።»

ክንዷን ይዞ፣ እግሩን በረጠበው ሣር ላይ እየጎተተ፣ ሐይቁ በኩል ወዳሉት የመጨረሻ ረድፎች ሄዱ። ከአንዱ ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከሌላው ቀመሰ፣ አሁንም ነቀነቀ። ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጭማቂው በአገጩ ወረደ፣ ቆየ፣ ዋጠ። ከዚያ ለበርዲና አጎረሳት።

«ለእኔ ሁሉም ያው ኮክ ነው» አለች እያኘከች። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ በልቼ ልዩነቱን አላወቅሁትም።» ኤቨርት ሲስቅ ኮኩ ትን አለው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

ሚዛን ቤት ገቡ። ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። «እን... ደምን...» አለ፣ «አደ... ራ...» ሲል ሐሳቡ ሸሸው፣ ደቂቃው አለቀ፣ ጢጥ። በርዲና ቁልፉን በጥፍሯ አነሳች። እንደገና። አሁንም ጢጥ። አንዱን ቃል ሲያገኝ ሌላው ይጠፋዋል፣ ሲቸኩል ይብስበታል። ሰማዩ ነጣ። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ራሰ። በመጨረሻ፣ ከስንት ሙከራ በኋላ፣ ከሁሉም ረዘም ያለውን ተናገረ።

«እንደምን... አደራችሁ። ኤ... ቨርት ነኝ። የመጨረሻው... ኮክ... ደርሷል። አንድ... ነገር... ልነግራችሁ... እ...»

ጢጥ።

ኤቨርት ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ዕድሜውን በሙሉ የዚያች አንድ ደቂቃ ጌታ ነበር፤ አሁን ማሽኑ ከአፉ ነጠቀው። «እን... ደገና» አለ።

ያኔ ሊያን ገባች። የእናቷን ፊት፣ የአባቷን እርጥብ ሱሪ፣ ቀዩን ቁልፍ አየች። ምን እንደሆነ ሳይነግሯት ገባት። ማሽኑን ከፍታ አዳመጠችው። በቃላቱ መሃል ያለውን ዝምታ ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ጢጥ ድረስ ሰማች።

«ጥሩ ሞክረሃል አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ረድፉን እንኳ አልተናገርክም። እኔ ልቅዳው።»

ኤቨርት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሊያን ጣቷን ወደ ቁልፉ ስትሰድ ስልኩ ጮኸ።

ማሽኑ አነሳው። የኤቨርት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ እየቆመ፣ እየጀመረ፣ «አንድ ነገር ልነግራችሁ» እስከሚለው ሄዶ ተቆረጠ። ከዚያ የደዋዩ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

«ኤቨርት?» አለ የሽማግሌ ድምፅ። ላምበርት ነው። «አንተ ነህ? ... ምንድን ነው የምትነግረን? ኧረ ባክህ! ከዚያ እንዳትነቃነቅ፣ መጣሁ።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ሊያን እንደገና ጣቷን ሰደደች፤ እንደገና ጮኸ። አሁን ደግሞ ሴት ናት፣ «ኖርማ ነኝ» አለች፣ ሌላ ነገር ልትጨምር ሞክራ ተወችው፣ ዘጋች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላ። መልእክቱ ሲሄድ መቅዳት አይቻልም፤ ስልኩም አያርፍም። ማን ለማን እንደደወለ አይታወቅም፤ ወሬው ግን ሐይቁን ዞሮ የተዳረሰ ይመስላል።

«ሲያቆም እቀዳዋለሁ» አለች ሊያን። አላቆመም። የመኪና ጎማ ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሸው ተሰማ፤ ትታ ወደ ትራክተሯ ወጥታ አስነሳችው።

ትራክተሩ የሚጎትተው፣ ሰውን ወደ ረድፎቹ የሚያደርሰው ተሳቢ ዘወትር በሩ ሳይከፈት ይሞላል፤ ሰው ጥሩውን ቦታ ለመያዝ ይጋፋል። ዛሬ የሚወጣበት ሰው አልነበረም። የመጡት ሁሉ ቅርጫታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ሚዛን ቤቱ በር ላይ፣ በኤቨርት ፊት ቆሙ። ከፊት ላምበርት ነው፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጥቷል።

«እሺ» አለ ላምበርት፣ ዓይኑን ከጓደኛው ፊት ላለማሸሽ እየታገለ። «ጀምረህ አቋረጥከው። ቀሪውን ልንሰማ ነው የመጣነው።»

«ምንድን ነው የምትነግረን?» አለች ኖርማ፤ በየዓመቱ ለብርዱ ወራት ኮክ በጠርሙስ የምታሽግ ሴት ናት። ከትራክተሩ ጩኸት በላይ መጮህ ነበረባት።

ኤቨርት ከወንበሩ ተነሳ። አፉን ከፈተ። የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። እንደገና ከፈተ፤ አሁንም ዋጠው። ያኔ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ያጠፋችው ሊያን ነበረች። እርሻው ጸጥ አለ፤ የወደቀ ኮክ ላይ የሚያንዣብቡት ተርቦች ብቻ ይሰማሉ።

«ና...» አለ ኤቨርት። «ናፍ...»

«ናፍጣ?» አለ ከኋላ ያለ አንድ ጎረምሳ፣ ሊረዳው ብሎ። «ናፍጣ አለቀ?»

«ተዉት!» አለች ሊያን ከትራክተሩ ላይ ጮኻ። «ራሱ ይጨርሰዋል!»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ስትሰማው ደነገጠች። እናቷ ዞር ብላ አየቻት።

«ናፍቃ... ችሁኝ... ነበር» አለ ኤቨርት።

ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ ስልክ አገሩን ሁሉ ሲያሾፍበት፣ ሲቆጣው፣ ሲያስቀው ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ኖርማ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። ላምበርት መሐረብ ፈልጎ አጣ፣ በሸሚዙ እጅጌ አፍንጫውን ጠረገ።

«ይህን ለማለት ነው በዚህ ጠዋት ከአልጋዬ ያስወረድከኝ?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ኤቨርት ነበር፤ ሳቁን በሽታው አልነካበትም፣ እንደ ድሮው ነው። ላምበርት አቀፈው፤ ሁለቱም ሽማግሎች ተደጋግፈው ሊወድቁ ሲሉ በርዲና ከኋላ ያዘቻቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው ወደ ተሳቢው የወጣው፤ ጥሩውን ቦታ ለመያዝም መጋፋት ጀመረ። ሊያን ወደ ትራክተሩ ማስነሻ ቁልፍ እጇን ሰደደችና ቆም አለች። ወዴት ነው የምትሄደው? ሐይቁ በኩል ካሉት ረድፎች የትኛው እንደደረሰ አታውቅም። ትናንት አላየችም፤ ዛሬ የቀመሰው እሱ ነው።

«አባዬ» አለች። «የትኛው ረድፍ ነው?»

ኤቨርት ወደ እሷ ዞረ፤ ከንፈሩ ቃሉን መፈለግ ጀመረ። ሊያን ረድፎቹን አንድ በአንድ ብትጠራለት ራሱን ነቅንቆ በአፍታ ይነግራት ነበር፤ ሰሞኑን ሁሉ የምታደርገው ይህንን ነው። ሰው ጭኖ የቆመ ተሳቢ ከኋላዋ አለ፤ ሌሎች መኪናዎችም እየገቡ ነው። ሊያን እጇን ከቁልፉ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና እስኪጨርስ ጠበቀችው።